ንጉሥ አልሆንም ያለውን ሰው ለመቀሌ ያስተማሩት የመምህር ከፋለ ረታ የሕይወት ታሪክ

መምህር ከፋለ ረታ ከአባታቸው ከአቶ ረታ ወልደ ሐና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ በ1893 ዓ.ም. በሸዋ፣ በተጉለት ተወለዱ። አባታቸው ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። እናታቸው ገና ሕፃን ሳሉ ከደቡብ አገር ተፈንግለው የመጡ፣ ለአንድ ባላባት ቤት የተሸጡ ሴት ነበሩ። ማዘንጊያ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የገዟቸው ሰዎች ናቸው። ከዚያ በፊት በምን ስም ይጠሩ እንደ ነበር ለእኛ ለልጆቻቸው ሳይነግሩን አረፉ።

ትናንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀድመው ያዩ ዘመዶች የእናታችንን ነገር እንድዘልለው ለመኑኝ። «ታመነ፣ ያንተም ልጆች ነገ ያገባሉ፤ በሕዝብ ፊት ምን አስለፈለፈህ?» አሉኝ። እኔ የሟች ታናሽ ወንድም ነኝ፤ እናታቸው እናቴ ናት። ወንድሜ ይህን ነገር በሕይወት ዘመናቸው ከማንም አልደበቁም። በሞቱ በማግስቱ እኔ ልደብቅላቸው አልችልም። ስለዚህ እንደ ተጻፈ ይነበባል።

ወይዘሮ ማዘንጊያን የገዙት ባላባት ሊሞቱ ሲሉ የነፍስ አባታቸውን ጠርተው፣ «ባለቤቴ እስካለች ታገልግላት፤ ባለቤቴ ስትሞት ማዘንጊያ ነጻ ትውጣ» ብለው ተናዘዙ። ይህ ኑዛዜ ለሰሚው ደግ ይመስላል። ግቢው ውስጥ ለኖረበት ሰው ግን ሌላ ነገር ነበር። እመቤቲቱ ባሳሉ ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ ዞር ብሎ እናታችንን ያያት ነበር። እመቤቲቱም ከእጇ ውኃ እንኳ አይጠጡም ነበር፤ ትመርዘኛለች ብለው ይፈሩ ነበር። አባታችን በግቢው ኮርቻ ሲሰፉ ከእናታችን ጋር ተዋደው ትዳር ቢመሠርቱም፣ ማታ ማታ እናታችን የምታድረው ከእመቤቲቱ ደጃፍ ላይ ነበር። መምህር ከፋለ ተወልደው፣ ዳዴ ብለው፣ ቆመው የሄዱት በዚህ ግቢ ነው። እመቤቲቱ ያረፉት በ1905 ዓ.ም. ነው። እናታችን በዚያ ቀን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አለቀሰች። መምህር ከፋለ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩና ለምን እንደምታለቅስ ቢጠይቋት፣ «እንድትሞት ስጠብቅ ኖሬአለሁ፤ የሰው ሞት ጠባቂ ያደረገችኝ እሷ ናት» አለቻቸው። ይህን ቃል መምህር ከፋለ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይናገሩት ነበር።

ፊደልና ዳዊት በተጉለት ከአጥቢያቸው ቄስ ተምረዋል። በ1909 ዓ.ም. ከአባታችን ጋር አዲስ አበባ ገብተው ጥቂት ዓመት ኮርቻ ሲሰፉ ከቆዩ በኋላ፣ በ1915 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ ሚሲዮን ሐኪም ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። እንግሊዝኛ የተማሩት እዚያው ነው፤ በሽተኛና ሐኪም ሲነጋገሩ በር ላይ ቆመው እየሰሙ፣ ማታ ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም እያስጠኗቸው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ አስተርጓሚ ሆኑ።

እኚህ ሐኪም አንድ ቀን ስለ መጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን የሚናገር የልጆች መጽሐፍ አዋሷቸው። መጽሐፉ ሥዕል ነበረው። ፕሬዚዳንቱ በፈረስ ተቀምጠው፣ ከኋላቸው ሰፊ ቤት፣ ከቤቱ አጠገብ እርሻ ላይ ጎንበስ ያሉ ጥቁር ሰዎች ይታያሉ። መምህር ከፋለ መጽሐፉን ጨርሰው ሲመልሱ፣

«እነዚህ እርሻ ላይ ያሉት እነማን ናቸው? መጽሐፉ ስለ እነሱ ምንም አይልም» ብለው ጠየቁ።

«ሠራተኞቻቸው ናቸው» አሉ ሐኪሙ።

«ደመወዝ ነበራቸው?»

ሐኪሙ ቀና ብለው አዩአቸውና፣ «የለም፤ ባሮች ነበሩ» አሉ። ክብር ይስጣቸውና አልዋሹም። ከዚያም በኋላ የሚያውቁትን ሁሉ ነገሯቸው። ዋሽንግተን ሲሞቱ ባሮቻቸው ነጻ እንዲወጡ በኑዛዜ አዘው ነበር፤ ግን ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ነው ብለው ነበር። ሚስትየዋ በዙሪያቸው ያሉት ሁሉ የእሳቸውን ሞት እየጠበቁ መሆኑን ሲያስቡ መኖር ከበዳቸውና በሕይወት ሳሉ ለቀቋቸው። ሚስትየዋ ከፊተኛው ባላቸው ወገን የያዟቸው ግን ነጻ አልወጡም፤ ለወራሾች ተከፋፈሉ።

መምህር ከፋለ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ከክፍሉ ወጡ። ቆይተው ተመለሱና ሐኪሙን፣ «መጽሐፉን ስጡኝ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደኅና አድርጌ ማወቅ አለብኝ» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ሰው ከእሳቸው አልተለየም። ያገኙትን ሁሉ አነበቡ፤ የማያገኙትን ጠየቁ።

በ1921 ዓ.ም. የጉምሩክ ጸሐፊ ሆነው ወደ መቀሌ መጡ። ሥራው አልተስማማቸውም። የጨው ነጋዴ ከአፋር በረሃ ወጥቶ፣ ግመሉ ከመቀሌ አጠገብ ባለችው ቁሓ ላይ ገና ሳይራገፍ ከሹም ጋር ሲጨቃጨቅ ማየት ሰለቻቸው። በዓመቱ ለቀቁና በተከራዩት ቤት ትምህርት ቤት ከፈቱ። የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ልጅ፣ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ምንጣፍ አስቀምጠው ያስተምሩ ነበር። በዚህ ምክንያት ሁለቱም ወገን ይወቅሳቸው ነበር፤ ሁለቱም ወገን ግን ልጁን ይልክ ነበር።

ስለ ዋሽንግተን ማስተማር የጀመሩት ያኔ ነው። ዋሽንግተን ልጅ ሳሉ ዛፍ ቆርጠው ለአባታቸው አልዋሽም አሉ የሚለውን ወሬ አላስተማሩም፤ «ይህ የሕፃን ማባበያ ነው፤ አልሆነም» ይሉ ነበር። የሚያስተምሩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከባሕር ማዶ ሆኖ የሚገዛቸውን ንጉሥ እንዴት እንደ ታገሉት፤ ብዙ ጊዜ ተሸንፈው፣ በበረዶ ላይ ጫማ የሌለው ጦር ይዘው፣ ሳይበተኑ እንዴት እንደ ቆዩ። ሁለተኛ፣ ካሸነፉ በኋላ ንገሥልን ያላቸውን ሰው እንዴት እንደ ተቆጡት፣ ሰይፋቸውን አስረክበው ወደ እርሻቸው እንደ ተመለሱ፣ በኋላም ስምንት ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነው በቃኝ ብለው እንደ ወረዱ። ሦስተኛ፣ ይኸው ሰው ዕድሜ ልካቸውን ሰው ይገዙና ይሸጡ እንደ ነበር፣ የሸሸችን አንዲት ሴት እንኳ ለማስያዝ ለዓመታት ሰው እየላኩ እንዳሳደዷት። ሦስቱን በአንድ ቀን ያስተምሩ ነበር፤ አንዱን ትተው ሌላውን አይናገሩም። ከተማው «መምህር ዋሽንግተን» ብሎ ስም አወጣላቸው።

በ1923 ዓ.ም. የመቀሌ ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ምንትዋብ ሐጎስ ጋር ለመጋባት ሽማግሌ ላኩ። የልጅቱ አባት ዘር ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ፣ «ከተጉለት ከደኅና ቤት ነኝ በል፤ ማን ሄዶ ያጣራል?» ብለው መከሯቸው። መምህር ከፋለ ግን ራሳቸው ሄደው፣ «እናቴ ተሸጣ የመጣች ሴት ናት፤ አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነው» ብለው ነገሯቸው። አባትየው ከቤታቸው አስወጧቸው። ወይዘሮ ምንትዋብ በዚያው ቀን ለአባታቸው፣ «ኣቦይ፣ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ትሰጠኝ ነበር። እውነት ተናግሮ ከለከልከኝ። እንግዲያስ ሌላ ሰው አታምጣልኝ» አሉ። ሌላ ሰው ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልወጣም ብለው ከጓዳ ቀሩ። በዓመቱ አባትየው ተረቱ። ጋብቻው በ1924 ዓ.ም. በሥርዐተ ተክሊል ተፈጸመ። ለተብርሃን የተባለች ሴት ልጅና ዘርአብሩክ የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ። እኔም በተጋቡበት ዓመት በስልከኛነት ተቀጥሬ ወደ መቀሌ መጣሁና ከእነሱ ጋር መኖር ጀመርሁ።

በጥቅምት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የኢጣልያ ጦር መቀሌ ገባ። ጦሩ በሄደበት ሁሉ ባርነትን ሽሬአለሁ እያለ ያውጅ ነበር። በኅዳር ወር አንድ መኮንን ከአስተርጓሚው ጋር ወደ መምህር ከፋለ ቤት መጣ። እኔም ነበርሁ። መኮንኑ ወንበር ቀርቦለት ተቀመጠና፣

«እናትህ ባርያ እንደ ነበረች ሰምተናል። ሰኞ ገበያ ላይ ቆመህ ኢጣልያ ነጻ እንዳወጣችህ ለሕዝቡ ትናገራለህ። ከዚያ በኋላ በምናሠራው ትምህርት ቤት አለቃ ትሆናለህ» አለ።

መምህር ከፋለም፣ «ገበያ ላይ እናገራለሁ» አሉ።

መኮንኑ ሲወጣ ወይዘሮ ምንትዋብ ሕፃኑን ዘርአብሩክን ታቅፈው፣ «ምን ልትል ነው?» አሏቸው።

«የጠየቁኝን ነዋ። ስለ እናቴ እናገራለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ልጆቹን አንቺ ታስተምሪያለሽ።»

ወይዘሮ ምንትዋብ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውጭ ወጡና እስኪመሽ ሳይመለሱ ቀሩ። ሲመለሱ የእስር ቤት ስንቅ የሚሆን በሶ አስፈጭተው መጥተው ነበር።

ሰኞ ዕለት ዕዳጋ ሰኑይ በሚባለው በሰኞ ገበያ ሰው እንደ ወትሮው ሞልቶ ነበር፤ ጨው ነጋዴው፣ ማር ሻጩ፣ ከወሎ የመጣው ኩታ ነጋዴ። ባንዲራ ተተክሎ፣ ወታደሩ ተሰልፎ፣ መምህር ከፋለ ጋሪ ላይ ወጡ። የተናገሩት በትግርኛ ነው። ትግርኛቸው የሸዋ ሰው ትግርኛ ስለ ነበር መጀመሪያ ሕዝቡ ሣቀ። በኋላ ግን ወደ ጋሪው ቀረብ ቀረብ አለ። ያሉትን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እንደሚከተለው ነው።

«እናቴ ባርያ ነበረች። የሸጧትም የገዟትም የአገሬ ሰዎች ናቸው። ኀፍረቱ የእኛ ነው፤ ይህን ማንም ጣልያን ሊነግረኝ አያስፈልግም። ይህን ክፉ ነገር ከቤታችን ጠርገን ማውጣት ያለብን እኛው ነን፤ ዛሬም ባርያ ያለው ሰው እዚህ ቆሞ ቢሰማኝ፣ ሄዶ ዛሬውኑ ይልቀቅ። እነዚህ ሰዎች ግን በአንዱ ቤት ያለውን ባርያ ነጻ አወጣን ብለው አገሩን በሙሉ ሊገዙ ነው የመጡት። ከባሕር ማዶ አንድ አገር ነበር፤ እሱንም ሩቅ ያለ ንጉሥ ይገዛው ነበር፤ ለጥቅማችሁ ነው ይላቸው ነበር። ስምንት ዓመት ተዋግተው አስወጡት።»

ቀጥለው የዋሽንግተንን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ባሮቹንም ጨምረው፣ ለክፍላቸው ልጆች እንደሚነግሩት ነገሩ። አስተርጓሚው ለመኮንኑ ምን ብሎ እንደ ተረጐመ አላውቅም፤ መኮንኑ ግን እየደጋገመ ራሱን በመስማማት ይነቀንቅ ነበር፤ ሲጨርሱም አጨበጨበ። የተባለውን በትክክል የሚነግረው ሰው ያገኘው ማታ ነው። ያን አስተርጓሚ ከዚያ በኋላ መቀሌ ውስጥ ያየው የለም። ዛሬም የት እንዳለ ባናውቅም ቤተሰቡ ያመሰግነዋል።

መምህር ከፋለ ማክሰኞ ጧት ተያዙ። እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ላይ ታስረው ከቆዩ በኋላ ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ በጀልባ ወደ ናኵራ ደሴት ተወሰዱ። ናኵራ ምን እንደ ሆነ እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ አባት ወይም ወንድም እዚያ የቀረባችሁ አላችሁ። እንደ እሳት በሚፋጅ ደሴት ላይ ድንጋይ ሲፈልጡ፣ በጣሳ እየተለካ የሚሰጥ ጨው ጨው የሚል ውኃ ሲጠጡ ከአምስት ዓመት በላይ ኖሩ።

በእግር ብረት አብሯቸው የታሰረው፣ ከወሎ መጥቶ በመቀሌ ኩታ ይነግድ የነበረው አቶ አብዱሰመድ ኢስሃቅ ነው። ለአርበኞች ጥይት አቀብለሃል ተብሎ ነበር የተያዘው። ዛሬ ከዚህ ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ከቅጥሩ ጥግ ቆሞ የምታዩት ሽማግሌ እሱ ነው። የነገረኝን እጽፋለሁ።

መምህር ከፋለ በናኵራም ማስተማራቸውን አላቋረጡም። ድንጋይ ሲፈልጡ ውለው ማታ እስረኛው ሲሰበሰብ ስለ ዋሽንግተን ይነግሩት ነበር። ጦሩ በክረምት በረሃብና በብርድ ሲያልቅ የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ እስረኛው በዚያ ሙቀት ውስጥ ብርድ የሚባል ነገር መስማቱ ብቻ ደስ ይለው ነበር። አንድ ቀን አቶ አብዱሰመድ ተናደደ።

«አንተ ሰው፣ የእናትህ ልጅ ሆነህ ሰው ይሸጥ የነበረን ሰውዬ ታወድስልናለህ?» አላቸው።

«አላወድሰውም» አሉ መምህር ከፋለ። «ንጉሥ ሁን ሲሉት አልሆንም ማለቱን ከእሱ እማራለሁ። እናቴን የመሰለችውን ሴት እየሸጠ ስለ ነጻነት መናገሩን ደግሞ እከስሰዋለሁ። መልካሙን ብቻ ብነግርህ ዋሽቼሃለሁ፤ ክፉውን ብቻ ብነግርህም ዋሽቼሃለሁ።»

«እኛ ብናሸንፍስ?»

«እኛ ብናሸንፍ ሁለቱንም የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገናል። በፈቃዱ ከሥልጣን የወረደ አለ ወይ? በቤቱ የታሰረ አለ ወይ? ብሎ የሚጠይቅ።»

አቶ አብዱሰመድ ያን ዕለት አኵርፎ ተኛ። በኋላ ግን መምህር ከፋለ በንዳድ ታመው ታሪኩን መጨረስ ሲያቅታቸው፣ ከቆሙበት ተቀብሎ የቀጠለው እሱ ነው።

ወይዘሮ ምንትዋብ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠላ፣ በአገሩ ቃል ስዋ፣ እየሸጡ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ከፊት ያለው ክፍል ጠጪ ይቀመጥበታል፤ በጓዳ በኩል ደግሞ ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ። የሚያስተምሩት ራሳቸው ነበሩ፤ ማንበብ ያስተማሯቸው ባላቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ወታደሮች ስዋ ሊጠጡ ገብተው ከጓዳ የልጆች ድምፅ ሰሙና ምንድን ነው ቢሏቸው፣ «ጸሎት ነው» አሉ። ወታደሮቹ ቆባቸውን አውልቀው ጠጡ።

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተሸንፎ መምህር ከፋለ ወደ መቀሌ ተመለሱ። ለተብርሃን አላወቀቻቸውም። ከአገጫቸው በስተቀር ፊታቸው ተለውጦ ነበር፤ ጥርሳቸውም አልቆ አንድ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሳቸው፣ «ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሲሆን አፉ ውስጥ የቀረው የራሱ ጥርስ አንድ ነበር። ይኸው በአንድ ነገር መሰልሁት» አሉ። ወይዘሮ ምንትዋብ ያን ጊዜ ነው የሣቁት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

መንግሥት በከተማው ባቋቋመው ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በትግራይ ሕዝቡ በመንግሥት ላይ ተነሣ፤ በጥቅምት 1936 ዓ.ም. አውሮፕላኖች መጥተው ከተማውን ደበደቡ። በዚያ ቀን ከሞቱት አንዷ የአቶ አብዱሰመድ ልጅ ዘኪያ ናት። የመምህር ከፋለ ተማሪ ነበረች፤ ለእናቷ በርበሬ ልትገዛ ወጥታ ነው የሞተችው። በከተማው ያን ጊዜ ሸዋዬ ከቤቱ ለመውጣት ይፈራ ነበር። እኔም ፈርቼ በሬን ዘግቼ ነበር። መምህር ከፋለ ግን ወጥተው ከአቶ አብዱሰመድ ጋር ቃሬዛውን ተሸክመው እስከ እስላሞች መቃብር ሄዱ። መንገድ ላይ አንድ ሰው፣ «አንተ ሸዋዬ፣ የገደላት ወገንህ አይደለም እንዴ?» ቢላቸው፣ አቶ አብዱሰመድ መልሶ፣ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ተወው፤ ይህ ሰው ወገኑ ቃሬዛው ላይ ናት» አለው።

ዐመፁ ከበረደ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ አንድ ሹም ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጣ። ስሙን አልጽፍም፤ የሚያፍሩበት ልጆች አሉት። ክፍል ገብቶ ሲሰማ መምህር ከፋለ ዋሽንግተን በቃኝ ብሎ የወረደበትን እያስተማሩ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ውጭ ጠርቶ፣

«ጦርነቱን አስተምር። ጀግንነቱን አስተምር። የመጨረሻውን ግን ተው» አላቸው።

«የትኛውን የመጨረሻ?»

«ሥልጣን ለቀቀ የሚለውን። ሕዝቡ ገና ከሽፍትነት መመለሱ ነው፤ ይህን ሲሰማ ምን ይላል?»

«ጌታዬ፣ ጦርነት ያሸነፈ ሰው በየአገሩ አለ። ይህ ሰው የሚነገርለት ባሸነፈበት ሳይሆን በወረደበት ነው። እሱን ካወጣሁት ምን ይቀረኛል?»

«እንጀራህ ይቀርሃል» አላቸው ሹሙ።

«እንግዲያስ እንጀራውን ነው የማወጣው» አሉ መምህር ከፋለ። ጠመኔያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በእጁ አስቀመጡለትና ወደ ቤታቸው መጡ። በሳምንቱ ከሥራ የተሰናበቱበት ደብዳቤ ደረሳቸው። ወይዘሮ ምንትዋብ ጓዳውን ጠረጉ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያስተማሩት በዚያ ጓዳ ነው። እዚህ ከቆማችሁት ወጣቶች ብዙዎቻችሁ የተማራችሁት እዚያ ነው፤ ማን ማን እንደ ሆናችሁ አልጠራም፤ ነገር ግን ዛሬ ራሳችሁን ቀና አድርጋችሁ ቁሙ።

ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ከናኵራ ይዘውት የመጡት የሳንባ ሕመም ጠናባቸው። ባለፈው ዓመት መልእክተኛ መጥቶ፣ የይቅርታ ደብዳቤ ቢጽፉ ሥራቸው እንደሚመለስላቸው፣ አዲስ አበባም ተልከው በመንግሥት ወጪ እንደሚታከሙ ነገራቸው። እኔ ጻፉ ብዬ ለመንኋቸው። ሌሊቱን ሁሉ ሲያስሉ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበርና ለመንኋቸው፤ በዚህም አላፍርም፤ ወንድሜ ናቸው። «ታመነ፣ ምን በድዬ ነው ይቅርታ የምለው? የበደልሁትን ንገረኝና ልጻፍ» አሉኝ። ወይዘሮ ምንትዋብ ለመልእክተኛው ስዋ ቀድተው ሰጡትና፣ «ጠጥተህ ሂድ፤ እዚህ የሚጻፍ የለም» አሉት።

መምህር ከፋለ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ድምፃቸው ስለ ደከመ የሚያስተምሩትን በሹክሹክታ ለለተብርሃን ይነግሯታል፤ እሷ ደግሞ ለልጆቹ ጮክ ብላ ትናገራለች። አንድ ቀን ስለ ባሮቹ የሚለው ላይ ስትደርስ፣ እንዳይከፋቸው ብላ አለፈችው። እጇን ያዙና፣ «እሱን ከተውሽ እናቴን ተውሻት» አሏት። ተመልሳ ከመጀመሪያው ነገረች።

መምህር ከፋለ ረታ የካቲት 15 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጧት፣ በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው፣ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ፊት ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ምንትዋብ ሐጎስ፣ ልጆቻቸው ለተብርሃንና ዘርአብሩክ፣ ወንድማቸው እኔ ታመነ ረታ፣ የእስር ቤት ወንድማቸው አቶ አብዱሰመድ ኢስሃቅ፣ በመቀሌና በቁሓ ያሉ ተማሪዎቻቸው ቀርተውላቸዋል።

ትናንት ማታ ከመንግሥት ቢሮ አንድ ሰው ልከውብኝ፣ «መምህር ነበሩ፣ ታመው ሞቱ ብለህ አሳጥረህ አንብብ፤ ያለዚያ ስልከኛነትህን አስብበት» አሉኝ። አስቤበታለሁ። ይህን ቁሜ እያነበብሁ ያለሁትም አስቤበት ነው። ሥራውን የሚፈልገው ሰው ነገ በጧት መጥቶ የስልኩን ቤት ቁልፍ ከእኔ ይቀበል።

ትምህርቱ አልተዘጋም። ሰኞ ጧት ለተብርሃን ጓዳውን ትከፍታለች፤ ልጆቻችሁን ላኩ። እኔም ቁልፉን ካስረከብሁ በኋላ ከዚያው እገኛለሁ፤ ሒሳብ አስተምራለሁ።

አምላክ ሆይ፣ ማንም እንዲሰግድላቸው ያልፈለጉትን፣ ማንም ሰው ንብረት ሆኖ እንዳይኖር የተናገሩትን አገልጋይህን ከፋለን ተቀበላቸው። ከእናታቸው ጋር አገናኛቸው፤ አንተ በምታውቀው በእውነተኛ ስሟ ጥራት። ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ አኑርልን፤ እኛንም ከፊታቸው የማናፍር አድርገን። አሜን።